ዳማን ማን ይረከባል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከንጋት ፈረቃ ገባሁ። ጫማ በረንዳ ላይ፣ ዩኒፎርም ወንበር ላይ። ውሃ መጥቷል፤ ሁለቱም በርሜሎች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። የልብስ ገመዱ ግን ባዶ ነው። አደይ አስገብተውት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። አላስገቡትም። ሌባ ነው።

በጠራራ ፀሐይ። አደይ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው እስኪመለሱ በጓሮ በኩል ዘሎ ሁለት ብርድ ልብስና የክብሮምን ጃኬት ከገመዱ ላይ አንሥቷል። ከማድቤት የጋዝ ሲሊንደሩን ወስዷል። ቱቦውን እንኳ አልቆረጠም፤ በሥርዓት ፈትቶ አስቀምጦታል። ጎረቤት ምንም አልሰማም።

ያኛው ደብተር አልቆ አንተን ስለጀመርኩ ሰዉን አታውቅም። ባጭሩ፦ አደይ ኣብረኸት የባለቤቴ እናት ናቸው። ባለቤቴ ክብሮም የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ወሩን ሙሉ ደቡብ አገር ይከርምና ለጥቂት ቀን ይመጣል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እመዘግባለሁ። ቤታችን ሓድነት የሚባል ሰፈር ነው። አደይና እኔ ብቻችንን ነን ማለት ይቻላል።

ለክብሮም ደወልኩ። ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ። ውሻ አምጡ አለ፤ ኃይለኛ፣ የሚናከስ። ስልኩን ለአደይ ሰጠኋቸው። ሰሙት፤ አንድ ቃል መለሱለት፦ «ኣይፋልን»። አይሆንም። ስልኩን መለሱልኝና ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ክብሮም ድሮ ነግሮኛል። ቡላ የሚባል ውሻ ነበራቸው። በጦርነቱ፣ መንገዱም ባንኩም በተዘጋበት ጊዜ፣ ለሰው የሚቀመስ ሲጠፋ፣ አደይ ፈትተው ለቀቁት። ለራሱ ይፈልግ ብለው። እየተመለሰ በሩ ላይ ይተኛ ነበር። በኋላ መምጣቱን ተወ። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ገና አልተጋባንም።

ሌላ ጉዳይ። የአ/አ ዝውውሬ ተፈቅዷል። በወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ክብሮም ያውቃል፤ እንዳሻሽ ብሎኛል። ለአደይ አልነገርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ማታ

በከሰል እያበሰልን ነው። እጄ ከሰል ከሰል ይሸታል፤ መንገደኛ መታወቂያውን ሲቀበለኝ የሚሸተው ይመስለኛል።

ካርጎ የሚሠራው ሃፍቶም የሌባውን ወሬ ሰምቷል። ኲሓ የሚያውቀው ሰው ቡችሎች አሉት፤ የጀርመን ዝርያ ናቸው፣ ከማለቃቸው በፊት ቅዳሜ እንሂድ አለ። እሺ አልኩ። አደይን አላስፈቀድኩም። ማየት አያስከፍልም።

ዛሬ ጾም ነው። ሽሮ በላን፤ ብዙም አላወራንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 10 ሰዓት

ኲሓ ደርሰን መጣን። ቡችሎቹ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው። ዓይናቸው ገና ጉም እንዳለበት ነው። ሲቆሙ ይወድቃሉ። ጡት መቼ ጣሉ ስለው ሰውዬው ይበላሉ፣ ወተት ስጫቸው አለኝ።

እናታቸውን ላያት አልኩ። ትናከሳለች አለ። ከቆርቆሮው ጀርባ ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል፤ ድምፅዋ የተዘጋ ውሻ ትጮኻለች። ከሩቁም ቢሆን ላያት አልኩ። ምን ያደርግልሻል፣ የምትወስጂው ልጁን ነው አለ። ከዚያ መከረኝ። ካሁኑ ጀምረሽ እሰሪው፤ ጨለማ ቦታ፤ ሰው እንዳያይ፤ ምግቡ ላይ በርበሬ ጣል አድርጊበት፤ አውሬ ይሆንልሻል።

ሃፍቶም ወፍራሙን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ጀርባው አጥንት ነው። ጣቴን በድዱ ያዘ። ፈለግሁት። ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ ላንተ ግን ልጻፈው፤ በጣም ፈለግሁት።

መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። በሚኒባሱ ሃፍቶም አኮረፈኝ። ለልጅሽ ሚስት የምትመርጪ አስመሰልሽው አለኝ። የኔ መሥፈርት ምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም ነበር። የዚያ ሰው ምክር አስጠላኝ፣ ያንን ብቻ ነው የማውቀው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰዓት በኋላ

እንስሳት ሐኪም ጋ ገባሁ። ጠባብ ክፍል፤ መደርደሪያው በከብትና በበግ መድኃኒት የተሞላ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዶ/ር ሰላም ትባላለች። ቡችላ በስንት ጊዜው ነው የሚወሰደው አልኳት። ቢያንስ ሁለት ወር እናቱ ጋ ይቆይ አለች። ቀድሞ የተነጠለ መናከስና መጫወት አይለይም፤ በቶሎም ይታመማል። እናቱን ያላሳየሽ ሰው ጋ አትሂጂ። ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ሃፍቶም ቢሰማ።

ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? አደይ። ፈረቃ ስትሆኚ ማን ይመግበዋል? አደይ። ውሃ በጠፋ ጊዜ ከበርሜሉ ማን ይቀዳለታል? አደይ። እሳቸው ፈልገውታል? መደርደሪያውን ማንበብ ጀመርኩ።

ለሌባ ብቻ ከሆነ አጥርሽ ላይ ሽቦ አስደርጊ አለችኝ። ውሻ አሥር ዓመትም ከዚያ በላይም ይኖራል፤ አሥር ዓመት የት ትሆኛለሽ? አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። በኅዳር የት እንደምሆን እንኳ አላውቅም።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። ቡችላ ካልሆነ አይሆንም ካላልሽ፣ አንድ ሽማግሌ ሊሄዱ ነው፣ ለውሻቸው ሰው ይፈልጋሉ። እዚያው ሓድነት ናቸው፤ ግን በቀላሉ አይሰጡም። ሦስት ሰው መልሰዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 11 ሰዓት

ኣቦይ ተኽለ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ሐዋሳ ይወስዳቸዋል፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሻ አይገባም። አማርኛቸው የመንገድ አማርኛ ነው፤ ከየከተማው ለቃቅመውታል።

ውሻዋ ዳማ ትባላለች፤ መልኳም እንደ ስሟ ነው። የሐበሻ ውሻ፣ ስድስት ዓመት ያለፋት። አፍንጫዋ ላይ ሽበት ጀምሯታል። ስገባ አልጮኸችም። ተነሣች፣ መጣች፣ ጫማዬን አሽትታ ተመልሳ ተኛች። ክብሮም ቢያያት ይስቃል።

ኣቦይ የመለሷቸውን ሰዎች ነገሩኝ። አንዱ ሰንሰለቱን ይዞ ነው የመጣው። አንዱ ሊያስወልዳት ፈለገ፤ መክናለች ሲሉት ፊቱን አዙሮ ሄደ። አንዷ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ልጆቿ ግን ገና ሳይለምዷት ጆሮዋን ይጎትታሉ፤ እናትየው ትስቃለች።

እኔን ብዙ አልጠየቁኝም። ነገ ነይ አሉኝ፤ ከዚያም ከነገ ወዲያ። ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምትሸና፣ ምን እንደምትፈራ እወቂ፤ እሷም ትወቅሽ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ማታ

ሁለት ቀን ሄድኩ። ዛሬ እስከ ዓይናለም መንገድ ድረስ በገመድ ወሰድኳት። ባጃጅ አትፈራም። ሞተር ብስክሌት ትፈራለች። ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ትገባለች አሉ ኣቦይ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይሰጣትም፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ወጥ የነካው እንጀራም አይሆንም። ከሉካንዳ የሚመጣ ትራፊ ሥጋ ተቀቅሎ፣ በሩዝ ወይም በእንጀራ። ውሃዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን፣ ሰው ቢጠማም እንኳ አሉ። ቀልድ መሰለኝ። አይደለም።

ክትባቷን ዶ/ር ሰላም ናት የምትሰጣት። ጥርሷን አሳዩኝ። አንዱ ተሰብሯል።

ስወጣ ኣቦይ አማትሽን ላናግራቸው እፈልጋለሁ አሉኝ። አደይ አይፈልጉም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ትመላለሻለሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

እውነትም ምን ላደርግ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ጠዋት፣ ዕረፍት

ትናንት ለአደይ ነገርኳቸው። ስለ ዳማ እንጂ ስለ አ/አ አይደለም። እራት ላይ፣ በቀስታ፣ ያዘጋጀሁትን ሁሉ። ትልቅ ናት፣ ጸጥተኛ ናት፣ ተከትባለች፣ ቤት ታውቃለች። አደይ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ የት ነው የሰውዬው ቤት አሉ። ነገርኳቸው። ተነሥተው ሰሃን አጠቡ። አበቃ።

ተናድጃለሁ። ማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ዛሬ አጥሩ ላይ ሽቦ የሚያደርግ ሠራተኛ መጥቷል፤ አደይ ናቸው የጠሩት። ከንጋት ጀምሮ ይቀጠቅጣል። መተኛት አልተቻለም።

አለቃዬ ደግሞ ስለ ዝውውሩ ደውላ ጠየቀችኝ። ሰኞ እነግርሻለሁ አልኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከቀኑ 9 ሰዓት

ይህን ቶሎ ልጻፈው፤ ሳልረሳው።

ከሥራ በቀጥታ ኣቦይ ተኽለ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ የማውቀው ጥቁር ጃንጥላ ተደግፏል። አደይ ከቅዳሴ መልስ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዳማ መካከላቸው ተኝታለች። በትግርኛ እያወሩ ነው፤ ይገባኛል። አላቋረጥኳቸውም፤ ቆምኩ።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አደይ ናቸው።

«የተገኘውን።»

«ካልተገኘስ?»

ኣቦይ የዳማን ጆሮ ዳሰሱ። «ያን ጊዜ አልተገኘም ነበር። ባለቤቴ ከድርሻዋ እየቀነሰች ትሰጣት ነበር። እኔ ተይ እላት ነበር። አልሰማችኝም።»

«ባለቤትህ በዚያ ነው የሞተችው?»

«በስኳር ነው የሞተችው። መድኃኒት አልነበረም። ግን ከስታ ነበር።»

አደይ ዳማን አዩአት። ስለ ቡላ ያወሩ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አላወሩም። ዕድሜዋን ጠየቁ፣ ስትታመም ምን እንደምትሆን ጠየቁ፣ ማታ ውስጥ ታድራለች ወይስ ውጭ ብለው ጠየቁ። እኔ ያልጠየቅሁትን ሁሉ።

ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ በአማርኛ እንዲህ አሉ፦ «ይህች ልጅ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ነግራሃለች?»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ለካ ክብሮም ነግሯቸዋል፤ ገና የሌባው ዕለት። ይህን ሁሉ ቀን እያወቁ ሰሃን ያጥባሉ።

ኣቦይ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ውሻዬን ለማን ልሰጥ ነበር?»

ይቅርታ አልኩ፤ ለሁለቱም ይሁን ለአንዱ እንጃ። በባጃጅ ተመለስን። አደይ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መንገዱን ያያሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ማታ

ትናንት ለአለቃዬ እሺ ብያለሁ። ኅዳር መጨረሻ እሄዳለሁ። ውሃ መጠበቅ ሰልችቶኛል፤ ባሌን በወር አንዴ ማየት ሰልችቶኛል፤ ከአ/አ ወደሱ ሥራ በአንድ ቀን ይደረሳል። ምክንያቱ ይኸው ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሲጻፍ ግን ያሳፍራል።

ዛሬ ለአደይ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ውሻዋንም አልወስድም አልኳቸው፤ ለማልኖርበት ቤት ውሻ መምረጤ ልክ አልነበረም።

«አንቺ አልወሰድሻትም» አሉ። «እኔ ነኝ የወሰድኳት። ቅዳሜ ትመጣለች።»

ለካ እሑድ ኣቦይን እንዲያ ሲመረምሩ የነበረው ለራሳቸው ነው።

ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳሉት ልጻፍ።

«ያን ጊዜ እህል ብቻ አይደለም የጠፋው፣ ጓለይ። ‘ያዢልኝ’ የምለው ሰው ጠፋ። በር አንኳኳሁ፤ ሁሉም እንደኔ ነው። ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ። ብታመም፣ ብሞት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚረከባት። አንቺ ነሽ።»

«እሺ አደይ።»

«እሺ አትበይኝ። እሺ ማለት ቀላል ነው። አንቺ አዲስ አበባ፣ እሷ እዚህ። ስደውልልሽ እንዴት ነው የምትወስጃት?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ዕወቂና ንገሪኝ አሉ።

ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ማታ

ዳማ መጣች። ኣቦይ በእግራቸው አመጧት። ብርድ ልብሷን፣ ሳህኗን፣ የክትባት ካርዷን አስረከቡ። በረንዳው ላይ ሻይ ጠጡ። ሲሄዱ እንዳትከተላቸው አደይ ገመዱን ይዘዋል። አልታገለችም። በሩ ሲዘጋ ግን እዚያው ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች፤ እስካሁን እዚያው ናት። ምግቧን አልነካችም። ዶ/ር ሰላም ደውዬ ስጠይቃት ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ልትሆን ትችላለች፣ አታባብሏት፣ ውሃ አጠገቧ ይሁን፣ ሰዓቷን ጠብቃችሁ ስጧት አለች።

አደይ ወንበራቸውን አምጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አያነጋግሯትም። ምስር ይለቅማሉ።

ለክብሮም ፎቶ ላክሁለት። ይህች ሌባ ታባርራለች? ብሎ ጻፈልኝ። ሌባውን ሽቦው ያባርራል ብዬ መለስኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 7 ሰዓት

ካርጎ ሄድኩ። የአደይን ጥያቄ ለሃፍቶም አቀረብኩለት። ኩርፊያው ወጥቶለታል። ውሻ በአውሮፕላን ይሄዳል። ጠንካራ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ቀጥ ብላ የምትቆምበት፣ የምትዞርበት፣ የምትተኛበት። ጎን ለጎን የአየር ቀዳዳ። ውሃ የሚቀመጥበት። የሐኪም የጤና ወረቀት፣ ክትባቷ ጊዜው ያላለፈ። ሳጥኑን ከለመደች አትደነግጥም፤ ስለዚህ ቀድሞ ቤት ይግባ፣ ትተኛበት።

መንገዱ ቢዘጋስ አልኩት። አውሮፕላኑ ቢቆምስ? እሱም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ጥያቄው ገባው። እስኪቆም አትጠብቂ አለኝ። ወሬው ሲጀምር ውሰጃት።

ስመለስ ዳማ ከሳህኗ ግማሹን በልታለች። አደይ በኩራት አሳዩኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከቀኑ 11 ሰዓት

እንጨት ቤቱ ሳጥኑን ጨረሰ። በጋሪ አመጣነው። ከጠበቅሁት ይተልቃል፤ በሳሎን በር ሊገባ ስላልቻለ በረንዳው ላይ ቀረ። ብርድ ልብሷን ውስጡ አነጠፍኩ። ዳማ ዞረችው፣ አሸተተችው፣ አልገባችም። ግድ የለም፣ ጊዜ አለ።

ለአደይ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲደውሉልኝ እመጣለሁ ወይም ሃፍቶም ይጭናታል፤ እኔ እዚያ እቀበላታለሁ። ዶ/ር ሰላም ወረቀቱን በዕለቱ ትሰጣለች። የሁለቱንም ስልክ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላቸው። ወሬ ከጀመረ አይጠብቁ፣ ይደውሉ።

ሰሙኝ። ተነሥተው ሳጥኑን ዞሩት። በጣታቸው ቀዳዳዎቹን ነካኩ። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ።

«እኔን አይበቃኝም» አሉ።

አልሳቅሁም። እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ እኔም። ዳማ ጅራቷን አንዴ መሬት ላይ መታች።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አ/አ ላለው ደላላ ደወልኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም አገኘሁልሽ ብሎኝ ነበር። ተወው አልኩት። መሬት ላይ ያለ ይሁን፤ ግቢ ያለው፣ አጥሩ ደኅና፣ ከሥራዬ ቢርቅም ግድ የለኝም። ሁለት መኝታ። አንዱ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ብርድ አይችልም። አከራዮቹ ስለሚጠይቁ ስንት ናችሁ ልበላቸው አለኝ።

ሦስት ሰውና አንድ ውሻ አልኩት።